ቀኑ ሞልቶ ሳለ ረጋ ማለት፦ ዝርዝር መመሪያ

«ይሄ ሥራ ይለቅልኝ እንጂ አርፋለሁ» ያላለ ሰው የለም። ሥራው ያልቃል፤ ሰውየው ግን አያርፍም። ፈቃድ ወጥቶም ቆሞ ይጎርሳል፣ የሚያወራውን ሰው ዓረፍተ ነገር ቀምቶ ይጨርሳል፣ ሊፍቱን ጠርቶ ሳለ ቁልፉን ደጋግሞ ይጫናል። ሥራው ቆሟል፣ ጥድፊያው አልቆመም።

ብዙ ሥራና ጥድፊያ ለየቅል ናቸው። ቀኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ረጋ ያለ ሰው አለ፤ ከሰዓት በኋላው ባዶ ሆኖ ልቡ የሚሮጥበትም አለ። በእኔ አስተያየት ጥድፊያ የሚያይለው ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ስንሻገር ነው፦ ከስብሰባ ወደ ስልክ፣ ከቢሮ ወደ ቤት፣ ከቀኑ ውሎ ወደ እንቅልፍ። ቀጥሎ ያሉት ደረጃዎች በአብዛኛው እነዚህን መሸጋገሪያዎች የሚመለከቱ ናቸው። ሥራ ልቀቁ፣ ከተማ ለቃችሁ ውጡ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነሱ የሚል ምክር እዚህ የለም።

ጉዳዩ የስሜት ብቻ ለሚመስለው ሰው አንድ ሙከራ ልጥቀስ። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ በፕሪንስተን የሚማሩ የሥነ መለኮት ተማሪዎችን አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሕንጻ ሄደው አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ላኳቸው። ከፊሎቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። መንገዳቸው ላይ አንድ ሰው አንገቱን ደፍቶ እያሳለና እያቃሰተ ተቀምጧል፤ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው። ዘግይተሃል፣ ፍጠን ከተባሉት መካከል ለመርዳት የሞከረው 10 በመቶው ብቻ ነው፤ ጊዜ አለህ ከተባሉት ግን 63 በመቶው። የንግግሩ ርዕስ ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። ክፉዎች ሆነው አይደለም። ከአንዱ ሕንጻ ወደ ሌላው እየተጣደፉ ይሻገሩ ስለነበር ነው።

ደረጃ 1፦ ጥድፊያው የት እንደሚነሳ እዩ

ከሦስት እስከ አምስት የሥራ ቀን ምንም ነገር አታስተካክሉ። ኪስ የሚገባ ወረቀት ያዙና መጣደፋችሁን ባወቃችሁ ቁጥር አንድ መስመር ጻፉ፦ ሰዓቱን፣ ከምን ወደ ምን ስትሄዱ እንደነበር፣ ሰውነታችሁ ላይ ያያችሁትን። እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል፦

3፡40 — ከስብሰባ ወደ ሪፖርት። መንጋጋዬን ነክሼ ይዣለሁ።
6፡05 — ከሪፖርት ወደ ምሳ። ስልክ እያየሁ በላሁ፤ ጣዕሙን አላስታውስም።
11፡30 — ከቢሮ ወደ ቤት። ልጁ ያወራኛል፣ እኔ «እሺ እሺ» እላለሁ።

የሰውነቱን ነገር መጻፍ አትተዉ፤ መጣደፋችንን እኛ ሳናምን ሰውነታችን ቀድሞ ያሳብቅብናል። በአፋችን «ደህና ነኝ» እያልን ትከሻችን ወደ ጆሯችን ይወጣል፣ ትንፋሻችን ደረት ላይ ይቀራል፣ አንድ አጭር መልእክት ሦስት ጊዜ አንብበነው አይገባንም። «እኔማ ቀኑን ሙሉ ነው የምጣደፈው» የሚል ሰው ወረቀቱን ሲያይ አብዛኛውን ጊዜ የሚደጋገመው ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ሆኖ ያገኘዋል። የምትሠሩት በእነዚያ ላይ ነው፤ የቀረውን ለጊዜው እለፉት።

ደረጃ 2፦ የሚወጣውን ትንፋሽ አስረዝሙ

ዋልተር ካነን የተባለው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ከመቶ ዓመት በፊት፣ አደጋ ሲመጣ ሰውነት ለመታገል ወይም ለመሸሽ እንዴት እንደሚዘጋጅ ገልጿል። አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ይዞራል። ዝግጅቱ የሚነሳው ነብር ሲመጣ ብቻ አይደለም፤ አለቃ «አንዴ ቢሮዬ ብቅ በል» ሲልም ይነሳል።

ይህን በትእዛዝ ማጥፋት አይቻልም። «ተረጋጋ» ስለተባለ የተረጋጋ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልብ ለቃል አይታዘዝም፤ ለትንፋሽ ግን በመጠኑ ይታዘዛል። በራሳችሁ ላይ ማየት ትችላላችሁ። ሁለት ጣታችሁን የእጃችሁ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል አድርጉና ምቱን ፈልጉ። ቀስ ብላችሁ አየር ሳቡ፤ ምቱ ፈጠን ይላል። ቀስ ብላችሁ አስወጡ፤ ዘግየት ይላል። (ልዩነቱ በወጣትነት ጎልቶ ይሰማል፣ ዕድሜ ሲገፋ እየደበዘዘ ይሄዳል።) አየር በምናስወጣበት ጊዜ ቬገስ የሚባለው፣ ከአንጎል ግርጌ ተነስቶ እስከ ልብና ሆድ ዕቃ የሚወርደው ነርቭ ልብን የመግታት ሥራው ይበረታል። የማስወጫውን ጊዜ ማስረዘም እንግዲህ ፍሬኑን ረዘም አድርጎ መርገጥ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ጀርባችሁን ደግፋችሁ ተቀመጡ፤ ቆማችሁም ይቻላል። አፋችሁን ዘግታችሁ በአፍንጫ ሳቡ፣ 4 ሰከንድ። በአፍንጫ አስወጡ፣ 6 ሰከንድ። መሐል ላይ ትንፋሽ ይዞ መቆየት አያስፈልግም። በዚህ አካሄድ በደቂቃ 6 ጊዜ ትተነፍሳላችሁ፤ አዋቂ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚስተው «በረጅሙ ተንፍስ» ሲባል ደረቱን ነፍቶ ሲስብ ነው። የሚፈለገው ዝግ ያለ አየር እንጂ ብዙ አየር አይደለም። ራሳችሁን ካዞራችሁ የምትስቡትን መጠን ቀንሱ፣ ሰከንዱን እንዳለ ተዉት። 4 እና 6 ከከበዳችሁም በ3 እና በ5 ጀምሩ።

ትንፋሹን ማዳመጥ ራሱ የሚያስጨንቃቸው ሰዎች አሉ፤ እንከን የለበትም። ለእነሱ ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያስተዋወቀው መንገድ ይሻላል፦ ጡጫችሁን ለ5 ሰከንድ ያህል አጥብቃችሁ ጨብጡ፣ ከዚያ በአንዴ ልቀቁና እጃችሁ ምን እንደሚሰማው ለ15 ሰከንድ ያህል አስተውሉ። ቀጥሎ ትከሻ፣ ቀጥሎ መንጋጋ፣ ቀጥሎ ግንባር።

መቼ ይደረግ? ጠዋት ጠዋት 20 ደቂቃ መድቡለት አልልም፤ የሚጣደፍ ሰው ቀኑ ሲጠብበት መጀመሪያ የሚሰርዘው ያንኑ 20 ደቂቃ ነው። በወረቀታችሁ ላይ ካገኛችሁት መሸጋገሪያ ጋር አያይዙት፤ በእጅ ከሚዳሰስ ነገር ጋር ቢሆን ደግሞ አይረሳም። መኪናውን አጥፍታችሁ በሩን ከመክፈታችሁ በፊት። የቤታችሁን ቁልፍ ከኪሳችሁ ስታወጡ። ኮምፒውተሩ እስኪነሳ።

ደረጃ 3፦ ሥራውን ስታቋርጡ ጫፉን አስሩ

ሶፊ ለሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት፣ አንዱን ሥራ ሳንጨርስ ወደ ሌላው ስንዞር ከፊል ትኩረታችን እዚያው እንደሚቀር፣ አዲሱንም ሥራ በዚያ ልክ እንደምናበላሽ አሳየች። ስብሰባ ላይ ተቀምጠን ሐሳባችን ያልተላከ ደብዳቤ ጋር የሚሆነው በዚህ ነው። በ2018 ከባልደረባዋ ጋር ያወጣችው ሌላ ጥናት መላ ይዞ መጣ፦ ከመነሳታችሁ በፊት የት እንደደረሳችሁና ስትመለሱ ከየት እንደምትጀምሩ ጻፍ ማድረግ።

«ሪፖርቱን መቀጠል» ብሎ መጻፍ ግን ከአለመጻፍ አይሻልም፤ ስትመለሱ እንደገና ከየት እንደሚቀጠል ስትፈልጉ ትቆያላችሁ። እንዲህ ይሁን፦ «ሠንጠረዥ 2 አልቋል። የመጨረሻው ሩብ ዓመት ቁጥር ጎድሏል፤ ከሒሳብ ክፍል ጠይቄ አንቀጽ 4ን ከዚያ እጀምራለሁ።» ሰው በድንገት ቢጠራችሁም «አንዴ፣ ይህችን ልጻፍና መጣሁ» ማለት ነውር የለውም።

ደረጃ 4፦ በሁለት ቀጠሮ መሐል ባዶ ቦታ ተዉ

ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 እንደጻፉት ሰው የራሱ ሥራ የሚፈጅበትን ጊዜ አሳንሶ የመገመት ዝንባሌ አለው። በ1994 በወጣ ሌላ ጥናት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚሠሩ ተማሪዎች በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን አሉ፤ የፈጀባቸው 55 ቀን ገደማ ሆነ። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ስንገምት የምናስበው እንቅፋት የሌለበትን ቀን ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያው ግምታችሁ ላይ ግማሹን ጨምሩ፤ 40 ደቂቃ ያላችሁትን 60 ብላችሁ ያዙ። ከዚያም የሚሻለው ግምቱን ትቶ ባለፈው ጊዜ ስንት እንደፈጀ ማየት ነው። ስብሰባ የምትጠሩት እናንተ ከሆናችሁ የአንድ ሰዓቱን 50 ደቂቃ አድርጉት። መንገድ ስታሰሉ ከበር እስከ በር ቁጠሩ፦ ጫማ ማሰሩ፣ ቁልፍ ፍለጋው፣ ደረጃ መውረዱ፣ ጥበቃው ጋ መታወቂያ ማሳየቱ ሁሉ ጊዜ ይበላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ቀጠሮ ላይ እያለከለኩ የደረሱ ሰዎች የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ምን እንደተባለ ብትጠይቋቸው አይነግሯችሁም።

ባዶ ቦታውን ከማግኘት ይልቅ ባዶ አድርጎ ማቆየቱ ይከብዳል። «እስከዚያ ሁለት ኢሜይል ልመልስ» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ሁለተኛው ላይ ሳላችሁ ሰዓቱ ያልፍና እንደገና ትሮጣላችሁ። ቀድሞ የደረሰ ሰው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ በመስኮት ወደ ውጭ ቢያይ ምንም አይጎድልበትም።

ደረጃ 5፦ ስልኩን እናንተ ክፈቱት እንጂ እሱ አይጥራችሁ

እዚህ ላይ ብዙ ስለተባለ አላረዝምም። እ.ኤ.አ. በ2015 የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት 124 ሰዎች አንዱን ሳምንት ኢሜይላቸውን በቀን 3 ጊዜ ብቻ፣ ሌላውን ሳምንት እንዳሻቸው እንዲከፍቱ ተደረገ፤ በ3 ጊዜው ሳምንት ጭንቀታቸው ቀለል ብሎ ተገኘ። ከስልክ ጥሪ በስተቀር ማሳወቂያዎችን አጥፉ፣ መልእክት የምታዩበትን ሰዓት ወስኑ፣ ለቅርብ ሰዎቻችሁ «የሚያስቸኩል ከሆነ ደውሉልኝ» በሏቸው። ሥራችሁ ራሱ ስልክ ላይ ከሆነ ግን ይህ ለእናንተ አይሆንም፤ በምትኩ ስልክ የማይነካበት አንድ ሰዓት ከቀኑ ውስጥ ምረጡ።

ደረጃ 6፦ «እሺ» ከማለታችሁ በፊት ጊዜ ውሰዱ

እስካሁን ያለው የያዛችሁትን ሥራ ያለ ጥድፊያ ስለመሥራት ነበር። የያዛችሁት ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ግን ትንፋሹም ክፍተቱም ዋጋ የለውም። ይህኛው ደረጃ ከሁሉም ይከብዳል፤ እምቢ የምትሉት ሰው ፊት ለፊታችሁ ስለሚቆም።

አንደኛ፣ ከትናንሽ ነገሮች በስተቀር እዚያው ላይ መልስ አትስጡ። «እስቲ ያለብኝን አይቼ ማታ ልንገርህ» ማለትን ልመዱት። ማታ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ግን እምቢ ከማለት የባሰ ነው።

ሁለተኛ፣ የሩቅ ቀን ሁልጊዜ ባዶ ይመስላል። የሁለት ወር ቀጠሮ ሲመጣ ራሳችሁን እንዲህ ጠይቁ፦ ነገ ጠዋት ቢሆን ኖሮ እሺ እል ነበር? መልሱ «ነገማ አይሆንም» ከሆነ ከሁለት ወር በኋላም አይሆንም፤ ያን ቀንም ዛሬን የመሰለ ቀን ነው የሚጠብቃችሁ።

ሦስተኛ፣ ምክንያት አትደርድሩ። ምክንያት የበዛበት እምቢታ ድርድር ይከፍታል፤ ሰውየው አንድ በአንድ ይፈታላችሁና መጨረሻ ላይ እሺ ትላላችሁ። አጠር ይበል፣ ከተቻለ የምትችሉት ነገር ይጨመርበት። ለታላቅ ሰው፦ «እትዬ፣ ቅዳሜ አልችልም፤ እሑድ ከሰዓት ግን መጥቼ አይዎታለሁ።» ለጓደኛ፦ «ዘንድሮ ኮሚቴ ውስጥ አልገባም፤ ደብዳቤውን ግን እጽፍልሃለሁ።» ለአለቃ እምቢ ማለት ካልተቻለ ምርጫውን ለእሳቸው መስጠት ይቻላል፦ «ዛሬ እሠራዋለሁ፤ የጠዋቱ ሪፖርት ግን ወደ ነገ ይተላለፋል። የትኛው ይቅደም ይላሉ?» ብዙ አለቆች አዲሱን ሥራ ሲጨምሩ አሮጌው ቦታ እንደሚይዝ ልብ አይሉትም፤ ሲነገራቸው ያስተካክላሉ። ሁለቱም ዛሬ ይለቁ የሚልም አይጠፋም፤ እሱን ትንፋሽ አያስተካክለውም።

ደረጃ 7፦ ቀኑን በጽሑፍ ዝጉ

ሌሊት ጣራ እያዩ የነገውን ሥራ መቁጠር የብዙ ሰው ችግር ነው። በቤይለር ዩኒቨርሲቲ በተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት 57 ወጣቶች ከመተኛታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ እንዲጽፉ ተደረገ፤ ገሚሶቹ የሚጠብቃቸውን ሥራ፣ ገሚሶቹ የጨረሱትን። የሚጠብቃቸውን የጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ በዝርዝር በጻፉ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ቶሎ። የሚያስገርመው ይህ ነው፤ የተሠራውን ማሰብ ያረጋጋል ብለን እንጠብቃለን፣ ያረጋጋው ግን ያልተሠራውን ወረቀት ላይ ማውጣቱ ነው።

ስለዚህ አልጋው አጠገብ ወረቀትና እርሳስ ይኑር፤ ስልክ ላይ አትጻፉ፣ ሌላ ነገር ይዟችሁ ይሄዳል። «ባንክ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ «ጠዋት 4 ሰዓት ባንክ ሄጄ ፊርማውን ማስተካከል፣ መታወቂያ መያዝ» ይሁን። ቡና ጠጪ ከሆናችሁም አስቡበት፦ ቡናው ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካፌይን፣ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ እንደየሰው ይለያያል። የ10 ሰዓቱ ስኒ ግማሹ ማታ 3 ሰዓት ላይም ከእናንተ ጋር ነው።

ደረጃ 8፦ ምንም ሳትሠሩ ተቀመጡ

ይህን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው። መመሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከዚህ ነው፣ ሰውም ከዚህ ጀምሮ በሁለተኛው ቀን ይተወዋል። ዝም ብሎ መቀመጥ ለተጣደፈ ሰው ስቃይ ነው፤ ማጋነኔ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎችን ባዶ ክፍል ውስጥ ለ15 ደቂቃ ከሐሳባቸው ጋር ብቻ ተዉአቸው። አጠገባቸው ሲጫኑት በኤሌክትሪክ የሚነዝር ቁልፍ ነበረ። ንዝረቱን ቀድመው ቀምሰውት «እንዳይደገመኝ ገንዘብም ቢሆን እከፍላለሁ» ካሉት 18 ወንዶች 12ቱ፣ ከ24 ሴቶች 6ቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ቁልፉን ተጫኑት።

በ3 ደቂቃ ጀምሩ። ወንበር ላይ፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ሆኖ። ሐሳብ ይመጣል፤ አታባርሩት፣ አትከተሉትም። መሰልቸቱ ሲመጣ አልተሳካልኝም አትበሉ፤ የሚለመደው እሱ ነው። ሲለመድ ወደ 10 ደቂቃ አሳድጉት። ጸሎት የሚያደርስ ሰው አዲስ ነገር መፈለግ የለበትም፤ ጸሎቱንም እየተጣደፈ የሚጨርስ ከሆነ እዚያው ላይ ዝግ ይበል። በአስተማሪ መማር ለሚፈልግ አሜሪካዊው ምሁር ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት፣ ሐሳብን ሳይከተሉ አሁን ላይ ማተኮርን የሚያስተምር የ8 ሳምንት ሥልጠና ዛሬ በብዙ አገሮች በአካልም በኢንተርኔትም ይሰጣል።

ስምንቱን በአንድ ሰኞ አትጀምሩ፤ እሱም ሌላ ጥድፊያ ነው። ከደረጃ 1 በኋላ ትንፋሹን ብቻ ይዛችሁ ሁለት ሳምንት ቆዩ፣ ከዚያ ወረቀታችሁ የሚጠይቀውን ጨምሩ። ማታ እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ወደ ደረጃ 7 ይዝለል። እሺ ባይነት ያስቸገረው ወደ 6።

ይህ ሁሉ በማይበቃበት ጊዜ

ሁለት ሥራ እየሠራ የታመመ ወላጅ የሚያስታምም ሰው፣ ወይም አራስ ልጅ ይዛ ብቻዋን ያለች እናት፣ የአተነፋፈስ ትምህርት አይደለም የጎደላት። እጅ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ «እርዱኝ» ብሎ በጥቅሉ ከመጠየቅ አንድ የታወቀ ነገር መጠየቅ ይሻላል፦ «ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ልጁን ያዙልኝ።» በጥቅሉ የተጠየቀ ሰው «አይዞሽ» ይላል፤ ሐሙስ የተባለ ሰው ይመጣል ወይም አልችልም ይላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ ጋር የተያያዘ መዛልን በበሽታዎች መመደቢያው ውስጥ ሲያብራራ ሦስት ምልክቶች ጠቅሷል፦ ኃይል ማጣት፣ ከሥራው በስሜት መራቅ ወይም መማረር፣ እና ሥራ አልሆን ማለት። በሽታ ብሎ አልመደበውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጭንቀት የሚመጣ ነው ያለው። ሦስቱም ካሉባችሁ ችግሩ የእናንተ አለመረጋጋት ብቻ አይደለም፤ የሥራው አደረጃጀት ላይ መነጋገር ያስፈልጋል።

እረፍት የማይሰጥ ልብ ደግሞ አንዳንዴ የኑሮ ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ክብደት ይቀንሳል፣ ሙቀት አይቻልም፤ ባለቤቱ ግን «ጭንቀት ነው» ብሎ ያልፈዋል። የደም ማነስም ልብ ያስመታል። ሐዘኑ ወይም ለነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣቱ አብዛኛውን ቀን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ወይም ፍርሃቱ ከቤት መውጣት ከከለከለ፣ ሐኪም ማየት ነው። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። ሐኪሙ ዘንድ ስትቀርቡ «ተጨናንቄያለሁ» ብላችሁ አታቁሙ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኙ፣ ክብደታችሁ ተለውጦ እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስዱና በቀን ስንት ስኒ ቡና እንደምትጠጡ ንገሩት።